ድረ ገጽ ማደስና ተደራሽነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ላሉ መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጽ ስሠራ፣ የእድሳት ነገር በተነሣ ቁጥር የምሰማውና እጅግ የሚያንገበግበኝ «መጀመሪያ እናሳምረው፤ ተደራሽነቱ በኋላ ይጨመራል» የሚለው አባባል ነው። ተደራሽነት ማለት አካል ጉዳተኛውን ጨምሮ ማንኛውም ሰው ገጹን መጠቀም መቻሉ ነው። ወደ እርሱ ከማለፌ በፊት ግን አነስ ያሉትን ላንሣ።

«ዓይነ ስውራን ኢንተርኔት አይጠቀሙም» ይባላል። ይጠቀማሉ፤ በአንድሮይድ ስልክ ቶክባክ፣ በኮምፒውተር ደግሞ በነጻ የሚገኘው ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር ጽሑፉን በድምፅ ያነብላቸዋል።

«ጉዳዩ የዓይነ ስውራን ብቻ ነው» የሚለውም ስህተት ነው። በነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ፊደል ሸዋ ሮቢት ላይ በጠራራ ፀሐይ ስልኩን የሚከፍተውን ነጋዴም ያስቸግራል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በመደበኛ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የብርሃን ልዩነት እንዲኖር የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

«ስክሪን ሪደር አማርኛ አያነብም» የሚሉት ደግሞ ጥፋቱን ከራሳቸው ላይ ያወርዳሉ። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መለያ ውስጥ አለ፤ ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅም አማርኛ ያነባል። የማይነበበው ማስታወቂያውን ከነማኅተሙ ፎቶ አንሥተን ስለምንለጥፈው፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ እንዳለ ስለምንጭን፣ የገጹን ቋንቋም በኮዱ ውስጥ እንግሊዝኛ ብለን ስለምንተወው ነው።

አሁን ወደ ዋናው እመለሳለሁ። ተደራሽነት በገጹ ላይ የሚቀባ ቀለም ሳይሆን የገጹ አሠራር ነው፦ ርእሱ በኮዱ ውስጥ ርእስ ተብሎ መጻፉ፣ እያንዳንዱ የቅጽ ሳጥን ስም ያለው መሆኑ፣ ቁልፉ በማውስ ብቻ ሳይሆን በኪቦርድም መታዘዙ ነው። አሮጌዎቹ ገጾች መልካቸው ባያምርም ብዙውን ጊዜ በቀላል ኮድ ስለተሠሩ ስክሪን ሪደር በቀላሉ ያነባቸዋል። እድሳቱ ይህን ሳያጣራ ሲያፈርሰው፣ ተጠቃሚው ትናንት ብቻውን ያደርገው የነበረውን ዛሬ ያጣዋል።

የማውቀው አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ በአንድ ተቋም አሮጌ ገጽ ላይ ምዝገባውን ማንም ሳይረዳው ይሞላ ነበር። ገጹ ሲታደስ የሳጥኖቹ ስሞች ለውበት ተብለው ወጡ፤ የልደት ቀን የሚመረጠው በማውስ ብቻ በሚከፈት የቀን መቁጠሪያ ሆነ፤ «ላክ» የሚለው ቁልፍም ስም በሌለው የቀስት ሥዕል ተተካ። ስክሪን ሪደሩ «ቁልፍ» ከማለት በቀር ምንም ሊነግረው አልቻለም። ተማሪው ኢንተርኔት ቤት ሄዶ የይለፍ ቃሉን ለማያውቀው ሰው ለመስጠት ተገደደ። ጉዳዩን ሳነሣ የተሰጠኝ መልስ «በሁለተኛው ዙር ይስተካከላል» የሚል ነበር፤ በጀቱ ግን በመጀመሪያው ዙር አልቆ ነበር። ኮዱ ሲጻፍ ለአንድ ቁልፍ ስም መስጠት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ተጠናቅቆ የተረከቡትን ቅጽ አፍርሶ እንደገና መሥራትና መፈተሽ ግን ሌላ ውል፣ ሌላ ክፍያ ነው።

ተደራሽነትን የሚፈትሽ አውቶማቲክ መመርመሪያ «ስህተት የለም» ማለቱም አይበቃም፤ መሣሪያው ሥዕሉ ለስክሪን ሪደር የሚነበብ የጽሑፍ መግለጫ እንዳለው እንጂ መግለጫው እውነት መሆኑን አያውቅም።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 9ም የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን ይጨምራል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ መብት እንጂ ስለ በጎ ፈቃድ አይደለም። ገጽ ልታሳድሱ ያሰባችሁ ኃላፊዎች፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዓለም አቀፉን የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ (WCAG) 2.2 እትም፣ «ኤኤ» (AA) ከተባለው ደረጃ ጋር፣ በጨረታ ሰነዱ ላይ አስፍሩ። ተጠቃሚዎች በአሮጌው ገጽ ምን ምን እንደሚሠሩ ከማፍረሳችሁ በፊት መዝግቡ። ርክክብ ላይ ማውሱን አስቀምጣችሁ፣ በታብ ቁልፍ ከሳጥን ወደ ሳጥን እየተሻገራችሁ ቅጹን በኪቦርድ ብቻ ሙሉ፤ ጽሑፉን ወደ 200 በመቶ አሳድጋችሁ እዩ፤ በስክሪን ሪደር የሚሠራ ሰው ተከፍሎት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሞክረው። እርሱ ብቻውን ሞልቶ እስኪልክ ድረስ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ፤ አሮጌው ገጽም አይዘጋ።