በመሀል አዲስ አበባ ቤቶች የሚበሩ ጥቃቅን ነፍሳት፦ መለያቸው፣ መራቢያቸውና ማስወገጃቸው

ከፒያሳና አራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ፣ ልደታና መርካቶ ባሉ ቤቶች ሰው በጅምላ «ትንኝ» የሚላቸው በራሪዎች ቢያንስ አራት ዓይነት ናቸው። ከሊጥ ዕቃ ላይ ቱር ብሎ የሚነሳው፣ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚውለው፣ ከአበባ መትከያ የሚወጣውና ማታ ጆሮ ስር የሚጮኸው በመጠን ይቀራረባሉ፤ የሚራቡበት ቦታ ግን ለየቅል ነው። ለአንዱ የሠራ ዘዴ ለሌላው ምንም አይፈይድም። በየቤቱ ገንዘብና ድካም የሚባክነውም ሳይለዩ በመርጨት ነው። አራቱንም የሚያገናኛቸው እርጥበት ነው፤ እንቁላላቸውም ሆነ እጫቸው (ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል) በደረቅ ቦታ አያድግም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው የትኛው እንደሆነ ለይቶ እርጥቡን ቦታ ከመፈለግ ነው።

የከተማዋ ብርድም በሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። የመሀል አዲስ አበባ ሰፈሮች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የፍራፍሬ ትንኝ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስኪያወጣ 10 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ በ18 ዲግሪ ግን 19 ቀን ያህል ይወስድበታል። እዚህ የብዙ ቤት ውስጥ ሙቀት ለሁለተኛው ይቀርባል። አንድ ሳምንት አጽድቶ «ጠፉ» ብሎ የተወ ሰው በሦስተኛው ሳምንት እንደገና የሚያያቸው ከውጭ ስለገቡ ላይሆን ይችላል፤ ያኔ እንቁላል የነበሩት ገና መውጣታቸው ነው። ማንኛውም የማጽዳት ሥራ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ሳይቋረጥ መሠራት አለበት።

መለየት

የፍራፍሬ ትንኝ፣ በሳይንስ ስሙ ድሮሶፊላ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሰውነቱ ቡናማ፣ ዓይኑ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው። በዝግታ እየተንሳፈፈ ይበራል፤ በእጅ ሲያባርሩት ዞሮ እዚያው ይመለሳል። የፍሳሽ ትንኝ ጸጉራም ነው። ሲያርፍ ክንፎቹ ሰውነቱን እንደ ጎጆ ክዳን ይሸፍኑታልና ትንሽ የእሳት እራት ይመስላል፤ በጣት ሲጫኑት ግድግዳው ላይ ግራጫ ዱቄት ይተዋል። የአፈር ትንኝ ጥቁር፣ ቀጭንና እግረ ረጅም ሲሆን ከመስኮት መስታወትና ከአበባ መትከያ ጠርዝ አይጠፋም። ቢንቢን ማንም ያውቃታል።

በዓይን መለየት ካልተቻለ ስኮች ይበቃል። ማታ የፍሳሹ ቀዳዳ ዙሪያ በጨርቅ ይደርቃል፤ ከዚያ ስኮቹ የሚያጣብቀው ገጽ ወደ ታች ሆኖ ቀዳዳውን አቋርጦ ይለጠፋል። አየር እንዲያልፍ በጎን ትንሽ ክፍተት ይተዋል። ይህ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ለየብቻ ሦስት አራት ሌሊት ይደጋገማል፤ አንድ ሌሊት ባዶ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጠዋት ከስር የተጣበቀ ነፍሳት ያለበት ቀዳዳ መራቢያው ነው። አንዱም ካልያዘ ፍለጋው ወደ ወጥ ቤቱ ይዞራል።

ሊጥ፣ ጠላና ፍራፍሬ

የፍራፍሬ ትንኝን የሚጠራው የሚፈላ ነገር ሽታ ነው። እርሾ ባለበት ይበላል፣ እዚያው ይጥላል። የእንጀራ ሊጥ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን በሚቀመጥበት፣ ለበዓል ጠላ በሚጠመቅበት ወጥ ቤት አንድም ሙዝ ሳይኖር ትንኙ ሊፈላ የሚችለው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ቡሃቃውን ከፍቶ የሊጡን ፊት አይቶ ይዘጋዋል። መታየት ያለበት ክዳኑ ነው። ገልብጠው ሲያዩት ከጠርዙ ስር ሊጥ ተንጠባጥቦ የደረቀበት ቀለበት ይገኛል፤ ላዩ እንደ ቅርፊት ደርቆ ውስጡ ገና ለስላሳ ነው። በማንኪያ ጫፍ ሲፋቅ ከቅርፊቱ ስር ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ነጫጭ እጮች ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። ተመሳሳይ ቅርፊት በቡሃቃው አንገትና በእጀታው ስርም ይኖራል። ሊጡን ደፍቶ አዲስ ማቡካት ይህን አያስወግደውም፤ የሚፈለፈሉት በአዲሱ ሊጥ ላይ ይሰፍራሉ።

ስለዚህ በተጋገረ ቁጥር እርሾው ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ይገለበጣል፤ ቡሃቃው፣ አንገቱና ክዳኑ በሙቅ ውሃና በብሩሽ ተፈትገው ይደርቃሉ። ሊጡ ሲነሳ ጋዝ ስለሚገፋው ክዳንን አጥብቆ መዝጋት አይመችም፤ ሽመናው ጥብቅ የሆነ ጨርቅ በአንገቱ ዙሪያ በላስቲክ ማሰር ይሻላል። የመስኮት ወንፊት ሽቦ ለዚህ አይሆንም፤ ቢንቢ የሚያግደው ወንፊት የፍራፍሬ ትንኝን ያሳልፋል።

ጋንን በግራዋ አሽቶ በወይራ ማጠን የቆየና ጥሩ ልማድ ነው፤ እሽቱ የዱሮውን ዝቃጭ ያነሳል። ችግር የሚመጣው ከተጠለለ በኋላ ነው። አተላው ለከብት የሚወስደው ሰው እስኪመጣ በባልዲ ተከድኖ በረንዳ ላይ ሲሰነብት ሙሉ ቤት ትንኝ ያፈላል። በዚያው ቀን ከቤት መውጣት አለበት። ወደ ሲንክ መድፋትም ችግሩን ከባልዲው ወደ ቧንቧው ማዛወር ነው።

ፍራፍሬ እንደተገዛ በውሃ ይታጠባል፤ በተለይ በሙዝ ቁንጮና በተሰነጠቀ ማንጎ ላይ እንቁላል ከገበያ አብሮ ይመጣል። የበሰለው ፍሪጅ ይገባል። ከዚያ በኋላም ካልጠፉ የሚረሱ ቦታዎች ይፈተሻሉ፦ በማዳበሪያ ስር የበሰበሰ አንድ ሽንኩርት ወይም ድንች፣ ሳይታጠብ የተደረደረ የቢራ ጠርሙስ፣ እርጥቡን በባልዲ ውስጥ የተተወ መወልወያ፣ ከፍሪጁ ጀርባ በሞተሩ ላይ ያለችው የውሃ መያዣ። መወልወያውን ማንም አይጠረጥረውም፤ ኮምጥጦ የሚሸት ከሆነ ግን በቂ መራቢያ ነው።

ቆሻሻ የሚሰበስቡ ማኅበራት በየሰፈሩ ቀን ቆጥረው ነው የሚመጡት። እስከዚያ የፍራፍሬ ልጣጭና ትርፍራፊ ከደረቁ ቆሻሻ ተለይቶ በጋዜጣ ይጠቀለላል፣ በፌስታል ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ጋዜጣው ፈሳሹን ስለሚመጥ ማዳበሪያው ስር የሚጠራቀመው ጭማቂ ይቀራል። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጤማም ረግቦ ሳይበሰብስ በማግስቱ ቢነሳ ጥሩ ነው።

ወጥመድ

ወጥመድ ምንጩ ከተወገደ በኋላ የቀሩትን ይለቅማል፤ ምንጩ እያለ ብቻውን ቢቀመጥ በቀን ሃምሳ ቢይዝ እንኳ የሚፈለፈለውን አይቀድምም። ግማሽ ብርጭቆ የተረፈ ጠላ ወይም ቢራ፣ ካልሆነም 3 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ከአንድ ቁራጭ የበሰለ ሙዝ ጋር፣ በላዩ 2 ጠብታ ላርጎ። ላርጎው የፈሳሹን ገጽ ስለሚያላላው ነፍሳቱ ላዩ ላይ መቆም አቅቶት ይሰምጣል፤ ያለ እሱ ጠጥቶ ይሄዳል። ከሁለት ጠብታ ካለፈ ግን ሽታው ያባርረዋል። ብርጭቆው በፌስታል ተሸፍኖ በክብሪት እንጨት አምስት ስድስት ቦታ ይበሳል።

በሱቅ የሚሸጠው ነጭ አቼቶ ብቻውን ደካማ ነው፤ እርሾ ያለበት ጠላ ወይም ሙዝ ይበልጠዋል። ወጥመዱ ምንም ካልያዘ ወይ በራሪው የፍራፍሬ ትንኝ አይደለም፣ ወይም በአጠገቡ ከወጥመዱ የበለጠ የሚሸት ነገር አለ። ፈሳሹ በሦስት ቀን አንዴ ካልተቀየረ ወጥመዱ ራሱ መራቢያ ይሆናል።

የፍሳሽ ትንኝ

የዚህ እጭ የሚኖረው በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በተጋገረው ዝልግልግ ቆሻሻ ውስጥ ነው። ጸጉር፣ ሳሙና፣ ቅባትና የሊጥ እጣቢ ተደራርበው ይሠሩታል። ውሃ ቢፈስበት እጩ በዝልግልጉ ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል። በረኪና ሲደፋ በላዩ አልፎ ይወርዳል፤ ሽታው ስለሚያሳምን ብቻ ሥራው የተሠራ ይመስላል። የአቼቶና የቤኪንግ ፓውደር አረፋም ዝልግልጉን አይፍቀውም። መፋቅ ያለበት በእጅ ነው።

የቀዳዳው ክዳን ይነሳል፣ ከስሩ ያለው ጎኑም ይታጠባል። ረጅም የጠርሙስ ብሩሽ በላርጎ ተነክሮ እስከሚደርስበት ድረስ ዙሪያውን ይፈተጋል። ከሲንኩ ስር ባልዲ ተደርጎ ሲፎኑ፣ ማለትም ውሃ የሚያቁረው የታጠፈ ቧንቧ፣ ይፈታል፤ ውስጡ ተፍቆ ጎማው በቦታው መኖሩ ታይቶ ይገጠማል። የላቫማኖው የላይኛው የትርፍ ውሃ ቀዳዳ ሁልጊዜ ይረሳል፤ እዚያ በቀጭን ብሩሽ መግባት ግድ ነው። መጨረሻ ላይ ብዙ ሙቅ ውሃ ይለቀቅበታል። የፈላ ውሃ ግን የፕላስቲክ ቧንቧን ያለሰልሳል፣ መጋጠሚያውንም ያላላል፤ እጅ እስከሚያቃጥል ድረስ የሞቀ ይበቃል። ይህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሦስት ሳምንት ይደጋገማል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ሲፎን የፍሳሹን መስመር ከቤቱ የሚለየው በውስጡ በሚቀር ውሃ ነው። ቤተሰቡ በሳፋ ሲታጠብና የወለሉ ቀዳዳ ረዘም ላለ ጊዜ ውሃ ሳያይ ሲቀር ያ ውሃ ይተናል፤ ከዚያ ሽታውም ትንኙም ከዋናው መስመር በቀጥታ ይገባል። በማይሠራበት ቀዳዳ በሳምንት 1 ወይም 2 ሊትር ውሃ ማፍሰስ፣ በላዩም 2 የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት መጨመር ትነቱን ያዘገየዋል። ለመታጠቢያ የዋለ ውሃም ለዚህ ይሆናል። ሲፎን የሌለው የወለል ቀዳዳ ከሆነ ውሃ የተሞላ የታሰረ ፌስታል በላዩ ማስቀመጥ ቀዳዳውን ገጥሞ ይዘጋዋል፤ ሰው ሊታጠብ ሲል ይነሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልቀነሱ ቧንቧው ከወለሉ ስር ተሰንጥቆ አፈሩ እየራሰ ሊሆን ይችላል። የሚንጠባጠብ ግድግዳ፣ የሚነሳ ሴራሚክና ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ጥግ ምልክቶቹ ናቸው። በኮንዶሚኒየም ደግሞ ቧንቧዎቹ በጋራ ሻፍት ስለሚወርዱ የአንድ ፎቅ መፍሰስ ለሌሎቹም ይተርፋል፤ ለብቻ ከመልፋት ለሕንፃው ኮሚቴ ነግሮ ሻፍቱን አስከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

የአፈር ትንኝ፣ ቢንቢና ብል

የአፈር ትንኝ ከመጠን በላይ ውሃ የሚጠጣ አበባ አለ ማለት ነው። እጩ በላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይኖራል፤ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪደርቅ ውሃ አለማጠጣት፣ ከመትከያው ስር ባለው ሳህን የተጠራቀመውን መድፋት ይበቃል። ለበራሪዎቹ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ ቫዝሊን ቀብቶ አፈሩ ላይ ማቆም ነው፤ ቢጫ ቀለም ይስባቸዋል።

ቢንቢ የምትራባው ውሃ በተጠራቀመበት ነው፤ በርሜል፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ሮቶ፣ በረንዳ ላይ የተረሳ ባልዲ። በርሜሉን ከጎኑ መታ ሲያደርጉት ላይ ተንጠልጥለው የነበሩ ጥቃቅን ትሎች እየተጠማዘዙ ወደ ታች ከጠለቁ እነሱ ናቸው። የሚከደነው ይከደናል፣ የማይከደነው በየሳምንቱ ተደፍቶ ውስጡ ይፈተጋል። የሮቶው የትርፍ ውሃ መውጫ በወንፊት ሽቦ ይታሰራል። በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው፤ መሀል ከተማ ላይ ቢንቢ በዋናነት እንቅልፍ ነሺ ናት። ከቆላ ተመልሶ ትኩሳት የያዘው ሰው ግን ፈጥኖ መመርመር አለበት።

ከሽሮና ከበርበሬ ጆንያ የሚወጣው ትንሽ ግራጫ በራሪ ብል ነው፤ ከዱቄቱ ጋር የተያያዘ ድር ይተዋል። የተበላው ይወገዳል፣ የተረፈው ፍሪዘር ካለ አራት ቀን እዚያ ይቆያል፣ ከዚያ ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል።

መርጨት

በጣሳ የሚሸጥ የሚረጭ መድኃኒት በዚያች ደቂቃ የሚበሩትን ይገድላል፤ በክዳኑ ቅርፊትም ሆነ በሲፎኑ ውስጥ ወዳሉት አይደርስም። ከተረጨ ሊጡ፣ ምግቡና የመጠጥ ውሃው ከክፍሉ ወጥቶ፣ ምድጃውና ከሰሉ ጠፍቶ ነው፤ ጋዙ በእሳት ይያያዛል። ክፍሉ በጣሳው ላይ ለተጻፈው ጊዜ ተዘግቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ይገባበታል። ለእርሻ የተሠራ ፀረ ተባይ በትንሽ ጠርሙስ ተቀድቶ ሲሸጥ መግዛት አደገኛ ነው፤ መጠኑም ምንነቱም አይታወቅም፣ ልጅ ደግሞ ለስላሳ መጠጥ ሊመስለው ይችላል። በረኪናና አቼቶ በአንድ ቀዳዳ ተከታትለው አይደፉ፤ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል ክሎሪን ጋዝ ይወጣቸዋል።

የዕጣንና የወይራ ጭስ በራሪዎቹን ለጊዜው ያርቃቸዋል፤ ሲበተን ይመለሳሉ። ሥራው መጠናቀቁን የሚያሳየው ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ የሚቀመጥ ወጥመድና ስኮች ነው። ሰባት ቀን ሙሉ አንድም ካልያዙ መራቢያው ደርቋል፤ አንድ እንኳ ከያዙ ግን ያልተገለበጠ ክዳን ወይም ያልተፈታ ሲፎን አንድ ቦታ ቀርቷል።