ስለ ሽንት ፊኛ ምርመራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ለአልትራሳውንድ ከመግባት በፊት ጨርሶ መሽናት ይገባል።» ከባቲ ወይም ከሐርቡ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሮ ደሴ የሚደርስ ታማሚ መናኸሪያው አካባቢ ሽንቱን ሸንቶ ወደ ምርመራ ክፍል ሲገባ፣ ለንጽሕና ብሎ ያደረገው ነገር ምርመራውን ያበላሽበታል። ፊኛው ሲሞላ ጤናማ ግድግዳ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ባዶ ሲሆን ግን ተሰብስቦ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ያልታመመው የታመመ ይመስላል፣ በእጥፋቱ መካከል ያለ ትንሽ እባጭም ሊሸሸግ ይችላል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከምርመራው 1 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ 1 ሊትር ገደማ ውሃ ጠጥቶ ሽንትን መያዝ ያስፈልጋል፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ እንዲሁም ሽንት እንቢ ያለው ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ይህ ማሳሰቢያ ማዘዣው ሲሰጥ በቃል ሊነገር ይገባዋል፤ በሩ ላይ ደርሶ እንደገና ውሃ ጠጥቶ የሚጠብቅ የገጠር ሰው የመመለሻ መኪና ያመልጠዋል።

«አልትራሳውንድ ጨረር አለው።» የለውም፤ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው። ጨረር ያላቸው ራጅና ሲቲ ስካን ናቸው።

«ግድግዳው ወፍሯል ከተባለ ካንሰር ነው።» የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያወፍረዋል፤ በዕድሜ በገፉ ወንዶች ደግሞ ፕሮስቴት (ከፊኛው ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ) አብጦ መውጫውን ሲያጠብ፣ ፊኛው ሽንቱን ለማስወጣት ስለሚታገል ጡንቻው ይወፍራል። በወሎ አንድ ጥያቄ ባይዘነጋ መልካም ነው፦ ታማሚው አዋሽ ወርዶ ሠርቷል ወይ? በከሚሴ አካባቢ የሚታወቀው ብልሃርዝያ (ከተበከለ ውሃ በቆዳ የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ) በዋናነት አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን፣ በመካከለኛው አዋሽ የሚገኘው ሌላው ዓይነት ግን ፊኛን ያጠቃል፤ ግድግዳውን ያወፍራል፣ ከቆየም ካልሲየም ተጠራቅሞበት በራጅ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፣ ለፊኛ ካንሰርም ያጋልጣል።

በአልትራሳውንዱ መካከል ባለሙያው «በጎንዎ ይተኙ» ሲል ታማሚው ይደነግጣል። በፊኛው ውስጥ የረጋ ደም ሰውየው ሲገላበጥ ቦታውን ይለቃል፣ ከግድግዳው የበቀለ እባጭ ግን ካለበት አይነቃነቅም፤ የሚፈለገው ይህንኑ ለመለየት ነው።

«ፎቶው ንጹህ ነው፣ አብሽር።» ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሕመም ሳይኖረው አንድ ጊዜ ደም ታይቶ የቆመ ሽንት የፊኛ ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ አልትራሳውንድ ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነን እባጭ፣ ይልቁንም በግድግዳው ላይ የተነጠፈ ጠፍጣፋ ቁስልን ሊስት ይችላል፤ ሲቲ ስካንም ቢሆን ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ ሲስቶስኮፒ ሊያዝ ይችላል፦ በማደንዘዣ ጄል በሽንት መውጫ በኩል ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ገብቶ ግድግዳው በዓይን ይታያል፤ አጠራጣሪ ቦታ ከተገኘም ናሙና ተወስዶ የካንሰሩ መኖር አለመኖር በላቦራቶሪ ይረጋገጣል።