«ማመቻቸት» ምንድን ነው? ማዳላት ነው እንዴ?

ኦቲዝም (ከሰው የመግባባትና ድምፅን፣ ብርሃንን የመቀበል ልዩነት)፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረትን ለመቆጣጠር መቸገር) ወይም ዲስሌክሲያ (ለማንበብና ለመጻፍ መቸገር) ያላቸውን ሰዎች ስለመቅጠር ወሬ በተነሣ ቁጥር «ለአንዱ ካመቻቸን ሌላው ምን በደለ? ሁሉም እኩል ይለካ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኚህ ተከራካሪ ማመቻቸትን ከይሉኝታ ጋር አምታተውታል።

ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ዝቅ ካለ ድስቱ ያዘነብላል። ባለሙያዋ ታዲያ ጠጠር ትሸጉጥበታለች እንጂ ቅመም አትቀንስም። ማመቻቸት ያቺ ጠጠር ናት፦ ሠራተኛው ሥራውን መሥራት እንዲችል የሚደረግ ማስተካከያ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ካሉኝም እውነት ነው፤ ጠጠሯ ወጡ እንዳይደፋ እንጂ እንዲጣፍጥ አልገባችም። የቱ ጋ እንዳዘነበለ የሚያውቀው ደግሞ ድስቱን የጣደው ነውና ሠራተኛውን ራሱን ጠይቁ።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ማስተካከያው የሥራ መሣሪያን፣ ሰዓትን፣ አካባቢን፣ የሥራውን መስፈርትም ይነካል ይላል። መስፈርት ሲባል ብዙዎች ይደነግጣሉ። ለመረጃ ማስገባት ሥራ «ተግባቢ የሆነ» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣት ግን ድሮም ከሥራው ጋር አይገናኝም። (አዋጁ ኦቲዝምን በስም አይጠራም፤ የአካል፣ የአእምሮና የስሜት ሕዋሳት ጉዳት ነው የሚለው። ከአቅም በላይ የሆነ ጫናም አሠሪውን ነፃ ያወጣል፤ ለጠጠር ዋጋ ግን ይህን ማንሣት ያስተዛዝባል።)

ቃለ መጠይቅ ላይ ጥያቄዎቹን ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ላኩ። «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» የሚለውን ትታችሁ ሥራውን አሠሩት። ለሒሳብ ሠራተኛ 20 ደረሰኝ ከመዝገብ ጋር እንዲያመሳክር ስጡት፤ ሦስቱ ሆን ተብሎ የተሳሳቱ ይሁኑ፤ 30 ደቂቃ ይበቃል። ዓይን ለዓይን ለማየት ነጥብ አትስጡ። አንገት መድፋት ጨዋነት በሆነበት አገር ይህ መለኪያ ከየት እንደመጣ እንጃ!

ከተቀጠረ በኋላ «ቶሎ ጨርሰው» ሳይሆን «ሐሙስ 9 ሰዓት፣ እንደዚህኛው ናሙና» በሉት። የምርመራ ወረቀት አምጣ አትበሉት፤ አዋቂዎችን የሚመረምር ባለሙያ እንደልብ አይገኝም።

የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ማመቻቸቱ ከዚያ በኋላ ከመጣ ሰውየው የተለካው በተንጋደደ ጉልቻ ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምር፣ በ30ኛው ቀን ይፈተሽ።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው አለቃ ሲቀየር ነው። አዲሱ ጠጠሯን ቆሻሻ መስላው ይጠርጋታል። ስለዚህ ስምምነቱ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ የሚደረገው ብቻ እንጂ የሕመም ስም አይግባበት፦ «ትእዛዝ በጽሑፍ ይሰጥ። መቀመጫው ከበሩ ይራቅ። ጆሮ ማዳመጫ ይፈቀድ።»