ሴፍቲ ስኩል፦ በአሜሪካ የኮሌጅ ማመልከቻ ዝርዝር ውስጥ ያለው ቦታና አመራረጡ

ሴፍቲ ስኩል፣ በአጭሩ ሴፍቲ፣ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክት ተማሪ እንደሚቀበለው ከሞላ ጎደል እርግጠኛ የሚሆንበት፣ ቤተሰቡም ዕዳ ውስጥ ሳይዘፈቅ ሊከፍልለት የሚችለው ኮሌጅ ነው። በዝርዝሩ ላይ ከታርጌት፣ ማለትም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ከሆነበት፣ እና ከሪች፣ ማለትም ዕድሉ ከጠበበበት ኮሌጅ ጋር ይሰለፋል። የተለመደው ዝርዝር ከ8 እስከ 12 ኮሌጆች ሲኖሩት 2 ወይም 3ቱ ሴፍቲ ይሆናሉ። ኮመን አፕ የተባለው የጋራ ማመልከቻ እስከ 20 ኮሌጅ ይፈቅዳል፤ ሆኖም ብዙዎቹ የየራሳቸውን ተጨማሪ ድርሰት ስለሚጠይቁ ሃያውን የሚሞላ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ደካማ ድርሰት ይልካል።

በሐበሻ ቤተሰቦች ዘንድ ዝርዝሩ ከላይ የከበደ ይሆናል። ስማቸው የገነነ ስድስት ሰባት ኮሌጆች ይደረደሩና ሴፍቲው በመጨረሻዋ ሳምንት፣ ዋጋው እንኳ ሳይታይ፣ ይጨመራል። ሥራው መጀመር ያለበት ግን ከሴፍቲው ነው።

የመግቢያ ዕድል

እያንዳንዱን ኮሌጅ ለመመዘን የሚበጀው ሰነድ ኮመን ዳታ ሴት ነው። አብዛኞቹ ኮሌጆች በየዓመቱ በድረ ገጻቸው ያወጡታል። ክፍል ሲ1 ስንት ተማሪ አመልክቶ ስንቱ እንደተቀበለ፣ ሲ7 ለምን ነገር ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ፣ ሲ9 ደግሞ የገቡትን ተማሪዎች የኤስ ኤ ቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ውጤት ያሳያሉ። የተማሪው ውጤት ከ75ኛው ፐርሰንታይል (ከገቡት ሦስት አራተኛዎቹ ካላለፉት ውጤት) በላይ ከሆነ፣ ጂፒኤው፣ ማለትም የትምህርት ቤት አማካይ ውጤቱ፣ ከገቡት አማካይ ከበለጠ፣ ኮሌጁም ካመለከቱት 70 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ የሚቀበል ከሆነ ሴፍቲ ሊባል ይችላል። ከአራት አመልካች አንዱን እንኳ የማይቀበል ኮሌጅ፣ ውጤቱ የቱንም ያህል ከፍ ላለ ተማሪ፣ ሴፍቲ አይደለም።

ከ2020 ወዲህ ብዙ ኮሌጆች ፈተናን በፈቃደኝነት ስላደረጉት የሲ9 ቁጥር ከእውነታው ከፍ ብሎ ይታያል፤ ውጤቱን የሚልከው ጥሩ ያመጣው ነውና። ስለዚህ እዚያው አጠገብ ያለውን፣ ከገቡት ውስጥ ስንት በመቶው ውጤት እንደላኩ የሚናገረውን መስመር አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል።

ትልቁ ወጥመድ ሜጀር፣ ማለትም ተማሪው የሚመርጠው የትምህርት ዘርፍ፣ ነው። ኮሌጁ ሴፍቲ ሆኖ የትምህርት ክፍሉ ሪች ሊሆን ይችላል። በሲያትሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስን በቀጥታ ያላገኘ ተማሪ በኋላ የመዛወር ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ነርሲንግም በብዙ ቦታ እንዲሁ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው በሩን ከፍቶ ነርሲንግ ክፍሉ ጥቂት ወንበር ብቻ ይኖረዋል፤ አንዳንዱም ሁለት ዓመት አስተምሮ እንደገና ያወዳድራል። ልጁ ነርስ መሆን ከፈለገ መጠየቅ ያለበት የዩኒቨርሲቲውን ሳይሆን የነርሲንግ ክፍሉን የቅበላ መጠን ነው።

ዋጋ

ቤተሰብ የማይከፍለው ኮሌጅ ሴፍቲ አይደለም። በሕግ መሠረት ከኦክቶበር 2011 ጀምሮ የፌዴራል ዕርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር፣ ማለትም ዕርዳታው ተቀንሶ ቤተሰቡ የሚከፍለውን የሚገምት ማስያ፣ በድረ ገጹ ማኖር አለበት። ያለፈውን የታክስ ሰነድ አጠገብ አስቀምጦ መሙላት ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ መሞላት ያለበትም ኮሌጁ ዝርዝሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው።

ስሌቱ በምሳሌ ሲታይ፣ የዓመት ጠቅላላ ወጪው 50,000 ዶላር የሆነ የሌላ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 15,000 ስኮላርሺፕ ሰጠ እንበል። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት ከፌዴራል መንግሥት በራሱ ስም ሊበደር የሚችለው 5,500 ነው። ቀሪው 29,500፣ በአራት ዓመት ደግሞ ዋጋ ባይጨምር እንኳ ወደ 118,000 ይጠጋል። ቀድሞ ይህን ክፍተት ብዙ ወላጆች ፓረንት ፕላስ በተባለው የፌዴራል የወላጅ ብድር ይሸፍኑት ነበር፤ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግን ለአዲስ ተበዳሪዎች በዓመት 20,000፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ጣሪያ ተበጅቶለታል። ዛሬ ሊከፈል የሚችል የሚመስለው ሴፍቲ በሁለተኛው ዓመት የሚያስቆመው እንዲህ ነው።

ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ፣ ዘወትር በኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ የሚመለከተውም ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ታክስ ነው። በውስጡ እኛን በተለይ የሚነኩ ነገሮች አሉ። ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤትና የጡረታ ቁጠባ አይቆጠሩም፤ አዲስ አበባ ያለ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ግን ዕዳው ተቀንሶ እንደ ሀብት ይመዘገባል። የወላጅ ገቢ ከ60,000 በታች ከሆነና ታክሱ ቀላል ከሆነ የሀብት ጥያቄው ይታለፋል። ይሁንና በኡበር ወይም በታክሲ የሚሠራ ወላጅ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢ የሚመዘገብበት የታክስ ቅጽ) ላይ ከ10,000 ዶላር በላይ ትርፍ ወይም ኪሳራ ካሳየ በዚህ መንገድ አያልፍም፤ ቤተሰቡ ሜዲኬይድ ወይም ፉድ ስታምፕ ካለው ግን በዚያ በኩል ያልፋል። ለአገር ቤት ዘመድ የሚላክ ገንዘብ የሚጻፍበት ሳጥን የለም። መፍትሔው የሐዋላ ደረሰኞችን አያይዞ ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ ቢሮው የማስተካከል ሥልጣን አለው፣ ግዴታ ግን የለበትም።

ግሪን ካርድ ያለውና ጥገኝነቱ የጸደቀለት ተማሪ የፌዴራል ዕርዳታ ይፈቀድለታል፤ ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ አይፈቀድለትም። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ሴፍቲ የሚመረጠው የሚኖርበት ስቴት በነዋሪ ዋጋ ያስተምረው እንደሆነ ከተጣራ በኋላ ነው።

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ

የዚህ አካባቢ ማኅበረሰብ በሴፍቲ ረገድ የታደለ ነው። በ1946 የተመሠረተው፣ የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሆነው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሮክቪል፣ ጀርመንታውንና ታኮማ ፓርክ/ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ካምፓስ አለው፤ ስንቱን የሐበሻ ልጅ ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ባለውለታ ነው። ሮክቪል የሚገኘው የሼዲ ግሮቭ ማዕከል ደግሞ በርካታ የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪ የሚሰጡበት ስለሆነ ተማሪው ከቤቱ ሳይርቅ ሊመረቅ ይችላል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሰነፍ ተማሪ መሸሸጊያ ነው የሚለው አነጋገር ፈጽሞ ስህተት ነው።

በቨርጂኒያ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) እና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 የጀመሩት አድቫንስ የተሰኘ መርሐ ግብር ተማሪውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሁለቱም ያዘጋጃል። ከዚህ በተጨማሪ የስቴቱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተረጋገጠ ቅበላ ስምምነት አላቸው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የአርትስና ሳይንስ ኮሌጅ ስምምነት ከሌሎች መስፈርቶች ጋር 3.4 ጂፒኤ ይጠይቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ስምምነቱ ለየኮሌጁ ለየብቻ መሆኑን ባለማወቅ ነው፤ በዚህ የገባ ተማሪ የንግድ ትምህርት ክፍሉን አብሮ አያገኝም። ኮርሶቹም በስምምነቱ ዝርዝር መሠረት ካልተወሰዱ ክሬዲቱ ቢተላለፍም ለዲግሪው ላይቆጠር ይችላል።

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ብዙ ጊዜ በስህተት ሴፍቲ ተብሎ ይጻፋል። አይደለም። አብዛኛውን ቦታ የሚሞላውም በኖቬምበር 1 ከሚያመለክቱት ስለሆነ ቀኑ ያለፈበት ተማሪ ትልቁን ዕድል አጥቷል። ቶውሰንና ዩ ኤም ቢ ሲ (የባልቲሞር ካውንቲው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ) ለብዙ ተማሪ ይበልጥ አስተማማኝ ናቸው። የዲሲ ነዋሪዎች በ1999 በወጣ ሕግ የተቋቋመው ዲሲ ታግ በሌሎች ስቴቶች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የዋጋውን ልዩነት ይደጉምላቸዋል፤ በየዓመቱ እንደገና ማመልከትን ግን ይጠይቃል።

ሌሎች ስቴቶች

ቴክሳስ በ1997 በወጣ ሕግ ከክፍላቸው የላይኛው 10 በመቶ ውስጥ ያሉትን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ታስገባለች። ለኦስቲኑ ዩኒቨርሲቲ መጠኑ ጠቦ ከ2026 መኸር ጀምሮ 5 በመቶ ሆኗል፤ የፈለጉትን ሜጀር ግን አያረጋግጥም። አይዳሆ በ2015 ቀጥታ ቅበላን፣ ማለትም ተማሪው ሳያመለክት ኮሌጅ ተቀብሎታል የሚል መልስ የሚደርስበትን አሠራር፣ የጀመረች ሲሆን ሚኒሶታም ተከትላለች።

አገር ቤት ሆኖ ለሚያመለክት ተማሪ ነገሩ ይለያል፦ ቅበላ ቢያገኝም ለአይ 20 (ለተማሪ ቪዛ ኮሌጁ ለሚሰጠው ሰነድ) የአንደኛውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ማሳየት ስላለበት፣ በገንዘብ በኩል ሴፍቲ የሚባል የአሜሪካ ኮሌጅ የለውም ማለት ይቻላል።

አከራካሪ ነጥብ

አንዳንድ ኮሌጆች ውጤቱ ከሚገባው በላይ የሆነን አመልካች “ይህ ልጅ አይመጣም” ብለው ይጥሉታል ይባላል። ኮሌጆቹ ይህን አባባል ያስተባብላሉ፤ ካውንስለሮችም (የተማሪ አማካሪዎች) በዚህ እርስ በርስ አይስማሙም፤ ምናልባት በአንዳንድ የግል ኮሌጆች ዘንድ ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል። ማጣራት የሚቻለው የሲ7ን “የአመልካቹ ፍላጎት” የሚል መስመር በማየት ነው። እዚያ ክብደት የሚሰጥ ኮሌጅ ከሆነ መረጃ በሚሰጥበት ዝግጅት መመዝገብና ድርሰቱን ለእርሱ ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። የሌላ ኮሌጅ ስም ሳይወጣ የተላከ ድርሰት ብዙ ሴፍቲ አበላሽቷል።

ከሜይ 1 በኋላ

መልስ መስጫና ማስያዣ መክፈያው የተለመደው ቀን ሜይ 1 ነው። የዶርም ማስያዣ ለብቻው ስለሚከፈል ሴፍቲ ላይም ቀኑን መጠበቅ ያሻል። ሁሉም በር የተዘጋበት ተማሪ ናካክ የተባለው የቅበላ ባለሙያዎች ማኅበር በየዓመቱ በሜይ የሚያወጣውን፣ ገና ቦታ ያላቸውን ኮሌጆች ዝርዝር ማየት ይችላል፤ እዚያም ከማመልከት በፊት ስኮላርሺፕ ገንዘብ ቀርቶ እንደሆነ ደውሎ መጠየቅ ይቀድማል።