ደንበኛ ደጃችን ላይ ቢዘረፍ ወይም ቢደበደብ፣ ባለቤቱን ምን ያገባዋል?

ሎስ አንጀለስም ሆነ ሌላ የካሊፎርኒያ ከተማ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ላላችሁ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። ስለዚህ ጉዳይ የምሰማው ወሬ ያሳስበኛል።

«ወንጀለኛው ሌላ ሰው ነው፤ እኔን ማን ይከሰኛል?»

ወንጀለኛው በወንጀል ይከሰሳል። ተጎጂው ግን ባለቤቱን ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ዋናው ጥያቄ አደጋው ቀድሞ የሚጠረጠር ነበር ወይ የሚለው ነው። ፓርኪንጋችሁ ላይ ሰው ተደጋግሞ ከተዘረፈ፣ «አልሰማሁም» ማለት አያዋጣም። ማወቅ ነበረባችሁ ትባላላችሁ።

«እንግዲያው ዘበኛ ካልቀጠርኩ አለቀልኝ»

የለም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 የአንድ የገበያ ማዕከል ጉዳይ አይቶ ነበር። እዚያው ቦታ ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ወንጀል ካልደረሰ፣ ባለቤቱ ጥበቃ እንዲቀጥር አይገደድም ለማለት ይቻላል። ዘበኛ ውድ ነው። ወጪው ሲከብድ ማስረጃውም መክበድ አለበት።

«ፀቡ የእነሱ ነው፤ እኛ አንገባም»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያው ፍርድ ቤት በ2005 የወሰነበትን ጉዳይ ልንገራችሁ። አንድ ምግብ ቤት ደጅ ላይ ፀብ ተነሣ። ሠራተኞቹ ውስጥ ሆነው ያያሉ። ከተጣሉት አንዱ ዘው ብሎ ገባና ከኩሽና ቢላ አንሥቶ ወጣ። ሰው ወጋ። ሠራተኞቹ ግን 911 አልደወሉም። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት እዚያ ደርሶ ያውቃል ወይ ብሎ አልጠየቀም። አደጋው ዓይናችሁ እያየ ከደረሰ፣ ፖሊስ መጥራት ግዴታችሁ ነው። መሃል ገብታችሁ ገላግሉ አልተባለም። ስልክ አንሡ ነው የተባለው።

ሠራተኛ ስትቀጥሩ ከሁሉ በፊት ይህን ንገሩት። ከአገር ቤት በቅርብ የመጣ ልጅ «እንግሊዝኛዬ አይሆንም» ብሎ መደወል ይፈራል። «አምሃሪክ» ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚችል አስረዱት።

«ዘራፊው ያለኝን ካላደረግኩ ለደንበኛዬ ጉዳት እኔ እጠየቃለሁ»

በ1997 ያው ፍርድ ቤት ባለቤቱ ለዘራፊ የመታዘዝ ግዴታ የለበትም ብሏል። እኔ ግን ብሩን ስጡት እላለሁ።

«ኢንሹራንስ አለኝ»

ውሉን አንብባችኋል? በተለይ መጠጥ ለሚሸጥ ቤት፣ ከድብደባ የሚመጣ ጉዳትን አልሸፍንም የሚል አንቀጽ ያለበት ውል ብዙ ነው። ወኪላችሁን ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ። ከካሊፎርኒያ ውጭ ያላችሁ ደግሞ የስቴታችሁን ጠበቃ አማክሩ፤ ሕጉ ይለያያል። ጆርጂያ ለምሳሌ በዚሁ ጉዳይ ላይ በ2025 አዲስ ሕግ አውጥታለች።