አሮጌ ቴምብር በጥርሱና በቀለሙ ሲለይ

ጎንደር ፒያሳ፣ በጣልያን ጊዜ በተሠራው ፖስታ ቤት በኩል ባለፍኩ ቁጥር የቴምብር ነገር ትዝ ይለኛል። የአያት ሣጥን ሲከፈት ደብዳቤ አይጠፋም፣ ደብዳቤ ካለ ደግሞ ቴምብር አለ። ችግሩ አንድ ዓይነት ሥዕል ያለባቸው ሁለት ቴምብሮች ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸው ነው።

መጀመሪያ ጥርሱን እዩ። ጥርስ የምንለው ቴምብሩ ከጓደኞቹ በቀዳዳዎቹ መስመር ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ የሚቀረውን ወጣ ገባ ነው። ልኬቱ ቀላል ነው፤ በሁለት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ አለ? 14 × 13½ ከተባለ ፊተኛው ቁጥር የላይና የታች፣ ኋለኛው የግራና የቀኝ ጎን ነው። በ1894 (በአውሮፓውያን) ፓሪስ የታተሙት የአጼ ምኒልክ የመጀመሪያ ቴምብሮች ልኬታቸው ይኸው ነው። ሰባት ናቸው፣ ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ፤ በዋጋ ትንንሾቹ ላይ ንጉሡ፣ ትልልቆቹ ላይ አንበሳ አለ። የእንግሊዞቹ ቀይ የአንድ ፔኒ ቴምብር ደግሞ በ1841 ያለ ጥርስ ወጣ፣ በ1854 በ16 ተበሳ፣ ቴምብሮቹ አብረው የታተሙበት ሉህ በቀላሉ እየተቀደደ ሲያስቸግር በ1855 ወደ 14 ዝቅ አለ። ጥርስ የሌለው ሲያጋጥማችሁ ግን ቶሎ አትደሰቱ፣ ምናልባት አንዱ ብልጥ በመቀስ ከርክሞት ይሆናል። ኅዳጉ ሰፋ ያለ ካልሆነ እኔ አላምነውም።

ቀለም ግን ያታልላል። አንዴ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሩብ ግርሽ ገዝቼ፣ ብርቅ ነገር አገኘሁ ብዬ ለአንድ ጋሼ አሳየሁ። በማጉያ መነጽር አየት አደረጉና ወደ አንዱ ጥግ ጠቆሙኝ። እዚያች ጥግ ላይ ሌላ ቴምብር ተደርቦባት ኖሮ አረንጓዴዋ ጥቁር እስኪመስል ደምቃ ቀርታለች። «ልጄ፣ ይኼ መስኮት ላይ የከረመ እንጂ ሌላ ዓይነት አይደለም» አሉኝ። አፈርኩ።

ፀሐይ ያነጣል፣ ውሃ አንዳንዱን ቀለም ያጥባል፣ ብርቱካናማው ደግሞ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ስለዚህ ቀለም የሚታየው በቀን ብርሃን፣ በር ላይ ቁጭ ተብሎ፣ ዓይነቱ ከሚታወቅ ሌላ ቴምብር ጎን ተደርጎ ነው። በአምፖል ብርሃን አይሆንም። ቴምብሩን በወረንጦ ያዙት፣ በተለይ ወጥ ከበላችሁ በኋላ።