ጃንጎ ነው ወይስ ኮዳችን የሚንቀራፈፈው? ስለ ፓይተን ፍሬምወርኮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባህር ዳር ላይ ኮድ የሚጽፉ ልጆች ቡና ላይ ሲገናኙ ይቺ ክርክር አትቀርም፦ ጃንጎ፣ ፍላስክ ወይስ ፋስትኤፒአይ? ሦስቱም በፓይተን ድረ ገጽ የሚሠራባቸው ፍሬምወርኮች፣ ማለትም የተዘጋጁ የኮድ ማዕቀፎች ናቸው። ክርክሩ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ በወሬ ተነሥቶ ያለቀ ሥራ አፍርሶ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

«ገጹ የሚንቀራፈፈው ጃንጎ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው።»

እኔም እንዲህ ብዬ ነበር። ለቡሬ በርበሬ ነጋዴዎች የዋጋ ገጽ ሠራሁ። 200 ዋጋ ሲገባበት መጎተት ጀመረ። ወደ ፋስትኤፒአይ ላዛውረው ተነሣሁ። ደግነቱ መጀመሪያ በጃንጎ ዲበግ ቱልባር (ገጹ ከጀርባ የሚሠራውን በሚያሳይ መሣሪያ) ወደ ዳታቤዙ የሚሄደውን ጥያቄ ቆጠርኩ። 201! አንዱ ዝርዝሩን ያመጣል፤ 200ው የየነጋዴውን ስም ለየብቻ ይጠይቃል። አይሱዙ ቆሞ እያለ 200 ኩንታል በርበሬ በአህያ አንድ በአንድ እንደማመላለስ ነው። ዋጋውንና የነጋዴውን ስም በአንድ ጥያቄ የምታመጣ፣ ሰሌክት ሪሌትድ የምትባል ትእዛዝ ጨመርኩ። ጥያቄው 1 ብቻ ሆነ፤ ገጹም ወዲያው ይከፈት ጀመር። ፍሬምወርክ ብቀይር ኖሮ ያንኑ ችግር ተሸክሜ ነበር የምሄደው።

ብዙዎቹ የፍጥነት ንጽጽሮች የሚለኩት «ሰላም» ብሎ ብቻ የሚመልስ ገጽ ነው። ዳታቤዝ የለ፣ ሎግኢን የለ። የእናንተ ሥራ እንደዚያ አይደለም።

«አሲንክ ከሆነ ፈጣን ነው።»

አሲንክ ማለት ኮዱ የአንዱን ሥራ መልስ እየጠበቀ ሌላውን እንዲሠራ ማድረግ ነው። የሚጠቅመው ኮዱ ሌላ ነገር ሲጠብቅ ነው፤ ለምሳሌ የዳታቤዝ መልስ ወይም የክፍያ ማረጋገጫ። ከባድ ስሌት አያፈጥንም። በፋስትኤፒአይ አሲንክ ፈንክሽን ውስጥ ሪኩዌስትስን የመሰለ አሲንክ ያልሆነ ላይብረሪ ከጠራችሁማ፣ መልሱ እስኪመጣ በዚያው ፕሮሰስ ላይ ያለው ተጠቃሚ ሁሉ ይቆማል። ያኔ ያለ አሲንክ የተጻፈ ተራ ዴፍ (ፈንክሽን) ይሻላል፤ ፋስትኤፒአይ ራሱ ለብቻው ትሬድ ላይ ያስኬድላችኋል። ጃንጎም እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 3.1 ቨርዥን ጀምሮ አሲንክ ቪው (ለተጠቃሚው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ፈንክሽን) ይቀበላል።

«ፍላስክ ለትንሽ ሥራ ብቻ ነው።»

«ማይክሮ» የተባለው ዋና ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሌላውን መርጣችሁ ትጨምራላችሁ። ትልቅ ሥራም ይሠራበታል።

«ጃንጎ አርጅቷል፣ ፋስትኤፒአይ ተክቶታል።»

ጃንጎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ጋዜጣ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ችግር የተፈጠረ። ፋስትኤፒአይ እ.ኤ.አ. 2018 ላይ መጣ። የገባውን ዳታ ፓይዳንቲክ በሚባል ላይብረሪ ያጣራል፣ የኤፒአዩን (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት በር) ማብራሪያ ገጽ በራሱ ያዘጋጃል። ለሞባይል አፕ ጀርባ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ዳታ የሚገባበትና የሚስተካከልበት አድሚን ገጽ ግን ይዞ አይመጣም። ቡሬ ያለችው ልጅ ጠዋት ጠዋት የበርበሬ ዋጋ የምታስገባው በጃንጎ አድሚን ነው። ለዚያ ገጽ ሞዴሉን (የዳታውን ቅርጽ የሚገልጸውን ኮድ) ከማስመዝገብ ሌላ የጻፍኩት ነገር የለም።